የክረምት እረፍትን ከንቱ የሚያደርጉ ስህተቶች፦ ለጎጃም ሯጮች

ዝናቡ ጠንክሮ የቢቸናና የደጀን ዋልካ እግር መያዝ ሲጀምር፣ ለእረፍት ወደ ቤተሰቡ የሚገባ ወጣት ሯጭ ብዙ ጊዜ አንድ ያልዳነ ጉዳት ይዞ ይገባል። ክረምቱ ጉዳቱን ለማዳን የሚበቃ ጊዜ ቢሆንም፣ ሳይድን መስከረም የሚጠባባቸው ስህተቶች አሉ።

ከሁሉ የከፋው፣ ሕመሙ ስለ ተወ ብቻ ዳንሁ ማለት ነው። ጡንቻ በሳምንታት ሲጠነክር ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በእረፍት ጸጥ ያለ የተረከዝ ጅማት ሩጫው ሲመለስ አብሮ ይነሣል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ይህንኑ ጅማት እየታመመ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀድሞ ወርቅ ከወሰደ በኋላ ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል፤ በቀጣዩ ዓመት በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ሲመለስም ሦስተኛ ወጥቷል። ጅማትን የሚያጠነክረው መኝታ ሳይሆን እየተመጠነ የሚጨመር ሸክም ነው። ስዊድናዊው ሐኪም አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ያስተዋወቀው ልምምድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የቤቱ የድንጋይ ደረጃ ይበቃል። በደረጃው ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶች ቆሞ የታመመውን እግር ተረከዝ ዝግ ብሎ ማውረድ፣ ለመነሣት ግን በደህናው እግር መጠቀም ነው። አንዴ ጉልበትን ዘርግቶ፣ አንዴ አጠፍ አድርጎ፣ እያንዳንዱን 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ጠዋትና ማታ ሲሠሩት በቀን 180 ይሞላል። ጊዜው 12 ሳምንት ነው፤ ሰኔ መግቢያ ላይ የጀመረ ሰው ከነሐሴ ማለቂያ በፊት ይጨርሰዋል፣ በሦስተኛው ሳምንት ተሻለኝ ብሎ የተወው ግን ምንም አላገኘም።

ሁለተኛው፣ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ሯጭ በዚያው ቀን መታሸቱ ነው። የወጌሻን እጅ የሚንቅ ጎጃሜ የለም፣ እኔም አልንቅም፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እብጠቱን አጥብቆ ማሸትና በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ የውስጡን መድማት ያባብሳል። እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግና ለስለስ አድርጎ መጠቅለል ይሻላል። በቀርከሃ ስንጥር ጠብቆ የታሰረ እግር ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያው ይፈታ፣ ሰውየውም ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ እዚህ ላይ መዘግየት እግርን ያስቆርጣል።

ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ውጦ ወይም ተወግቶ መሮጥ የጉዳቱን ድምፅ ማፈን ነው። በተለይ የቅልጥም አጥንት ላይ በአንድ ጣት ተጭነው የሚያገኙት የሕመም ቦታ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይምና “ራጁ ደህና ነው” መባሉ ብቻ አያስተማምንም። ለእንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከሩጫ መታቀብ ያስፈልጋል።

እረፍትንም ያለ ልክ የሚወስዱ አሉ። ሙሉ በሙሉ የተቀመጠ ሯጭ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ትንፋሹ መቀነስ ይጀምራል። በሌላ ወገን፣ ሐምሌን ሲያርስ፣ ነሐሴን ጎንበስ ብሎ የጤፍ አረም ሲያርም የከረመ ልጅ አርፌአለሁ ሊል አይችልም። የገበሬን ልጅ ማሳ አትግባ ማለት ከንቱ ምክር ስለሆነ፣ የአረም ቀን እንደ ከባድ የልምምድ ቀን ይቆጠር፤ በዚያ ቀን ሶምሶማም አይጨመርበት።

ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በዚሁ ወቅት ይውላል። ስህተቱ መጾሙ ሳይሆን፣ ከባዱን የማጠናከሪያ ልምምድ ጠዋት በባዶ ሆድ ሠርቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አለመቅመስ ነው፤ ልምምዱ ከማዕዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ይሁን፣ ማዕዱም ላይ ሽሮ፣ ምስር ወይም ባቄላ በርከት ይበል። ለአጥንት ደግሞ በካልሲየም የከበረው ዳጉሳ በደጃችን አለ፤ ለጠላና ለአረቄ ከሚያልቅ በእንጀራ ቢበላ ለሯጭ ይሻለዋል።

መስከረም ላይ የሰኔውን ኪሎ ሜትር በአንድ ሳምንት ለመመለስ መጣደፍ ክረምቱን በሙሉ ያፈርሳል። ከመጀመር በፊት በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝን ማንሣትና በየእግሩ ስንት ጊዜ እንደሚቻል መቁጠር ጥሩ መለኪያ ነው፤ የተጎዳው እግር ከደህናው እኩል እስኪቆጥር ድረስ ሜዳ ላይ ሶምሶማ ይበቃል፣ ዳገትና ፍጥነት ይቆዩ።