የኦቨርበሪን ግድያ ድራማ አርጎ ለመስራት

ደሴ ያላችሁ የድራማ ክበብ ልጆች፣ ለወላጆች ቀን ሁሌ ያው ሱስና ያለእድሜ ጋብቻ ላይ ከምትዞሩ ይቺን የእንግሊዝ ታሪክ ሞክሯት፣ ገጣሚው ኦቨርበሪ እስር ቤት ውስጥ በመርዝ የተገደለባትን፣ ደግሞ ያለእድሜ ጋብቻውም ውስጧ አለ። ፍራንሲስ ሀዋርድ የኤሴክሱን መስፍን ያገባችው በ1606 ነው፣ ሁለቱም ገና 15 አመት አካባቢ የሆኑ ልጆች፣ ቤተሰብ ለፖለቲካ ብሎ ያጋባቸው።

መጀመሪያ ስሞቹን አቅልሉ። ባሏም ሮበርት ነው ውሽማዋም ሮበርት ነው፣ ተመልካች ይጠፋበታል። ባልየውን ኤሴክስ፣ ሌላውን ካር በሉት በቃ። ማእረግም አትደርድሩ።

ካር ማለት የንጉስ ቀዳማዊ ጄምስ አይን ማረፊያ ነው፣ በ1607 ንጉሱ ፊት ከፈረስ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነው የታወቀው። ገጣሚው ቶማስ ኦቨርበሪ ጓደኛውም አማካሪውም ነው፣ ለፍራንሲስ የሚላከውን የፍቅር ደብዳቤ ሳይቀር እሱ ይጽፍለት ነበር ይባላል። መክፈቻችሁ ይሄ ይሁን፦ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይገለብጣል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ከዛ ካር ላግባት ሲል ኦቨርበሪ እምቢ፣ አይሆንም ይላል፣ ሳቁ እዛ ላይ ይቁም።

ቀኖቹን ተራኪ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር እንዳለ፣ ወደኛ አትቀይሩ። በሚያዝያ 1613 ንጉሱ ኦቨርበሪን ውጭ አገር ሂድ ብሎ ሲሾመው አልሄድም አለና ለንደን ታወር የሚባለው ምሽግ ውስጥ ታሰረ፣ መስከረም 15 እስር ቤት ሞተ፣ በ10 ቀኑ የፍራንሲስ ጋብቻ ፈረሰ፣ ታህሳስ 26 ካርን አገባች ንጉሱም ሰርጉ ላይ ነበር። እዚህ ጋ ማንም ምንም አይናገር፣ ቀኖቹ ብቻ ይበቃሉ። መርዙን ለመድረክ በጣፋጭ ኬክና ጄሊ አምጡት (ፒያሳ ኬክ ቤት አንድ ትሪ ያበድሯችኋል)፣ በክሱ ላይ በሌላ በኩል ገባ የተባለም አለ ግን ወላጅ ባለበት ይለፈን።

አልባሳት ላይ ገንዘብ ካላችሁ አን ተርነር ላይ አውጡት። የፍራንሲስ ወዳጅና የመርዙ አገናኝ ነች፣ ቢጫ ስታርች የተነከረ ሰፊ የአንገት ልብስ ፋሽን ያረገች እሷ ናት ይባላል። አቡጀዲ ረዘም አርጋችሁ ቅደዱ፣ እርድ በፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ከዛ ወፍራም የሩዝ ውሃ ውስጥ አስገቡትና እርጥቡን እጠፍ እጠፍ አርጋችሁ አንድ ጠርዙን ስፉት፣ ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በጭጋግ ቀን አትጀምሩት፣ ሁለት ቀንም አይደርቅም፣ እጃችሁም ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

ፍርድ ቤቱ ረጅም እንዳይሆን። ነገሩ የወጣው በ1615 ነው፣ መርማሪው ዳኛ ኤድዋርድ ኮክ፣ በ1616 ትልልቆቹን፣ ፍራንሲስንና ካርን፣ የከሰሰው ፍራንሲስ ቤከን (ይሄኛው ወንድ ነው፣ ቤከን ብቻ በሉት)። የኦቨርበሪ እስር ቤት ጠባቂ ዌስተን፣ ተርነር፣ መድሀኒት ቀማሚው ፍራንክሊን፣ የታወሩ ሹም ኤልዊስ አራቱም ተሰቀሉ። አራቱን አንድ በአንድ ከመድረክ አስወጧቸው፣ የተርነር ቢጫ አንገት ብቻ ወለል ላይ ይቅር። ፍራንሲስ አመነች፣ ካር አላመነም፣ ሁለቱም ሞት ተፈረደባቸውና ንጉሱ ማራቸው፣ እስከ 1622 ታወር ውስጥ ኖረው ወጡ። ይሄን ስታሳዩ አስተያየት አትጨምሩ፣ አዳራሹ ራሱ ያጉረመርማል።

ኦቨርበሪ ‹ሚስት› የሚል ግጥም ነበረው፣ ከሞተ በኋላ በ1614 ታትሞ በጣም ተሸጠ። ተራኪው ይጥቀሰው፣ ግን ግጥም ፈጥራችሁ የሱ ነው እንዳትሉ።

ካርን የሚሰራው ልጅ «መርዙን አውቃለሁ ወይስ አላውቅም?» ብሎ ያስቸግራችኋል፣ የታሪክ ሰዎችም እስካሁን የሚከራከሩበት ነው። ሁለት ቀን የምታሳዩ ከሆነ አንድ ቀን አውቆ ይስራው፣ በሁለተኛው ሳያውቅ፣ ቃለ ተውኔቱ ላይ አንድ ቃል ሳትነኩ።