አውጪና ተቀባይ የማይደናቀፉበት ዜማ እንዴት ይሠራል?

አውጪ ዘፈኑን መርቶ ስንኝ ያወጣል፤ ተቀባዮች በኅብረት ይመልሱለታል። ተቀባዮች ሲበታተኑ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የእነሱ ሳይሆን አውጪው ስንኙን የዘጋበት መንገድ ነው። ብዙ ሰው እኩል አፉን የሚከፍተው መግቢያውን ከአውጪው የመጨረሻ ቃል ላይ ሲሰማ ነው። ስለዚህ ዜማውን ስትሠሩ ከዚያ ቃል ጀምሩ።

አንድ ዙር 8 ምት ይሁን፤ 4ቱ የአውጪው፣ 4ቱ የተቀባዮች። አውጪው «መንገዱ ቢረዝምም» ይላል፤ ተቀባዮች «እንሄዳለን እኛ» ይላሉ። ሁለቱም ስድስት ስድስት ቀለም (በፊደል ሳይሆን በአፍ የሚቆጠር የድምፅ ቁራጭ፣ ለምሳሌ «መን» አንድ ቀለም ነው) ናቸው። በየምቱ ሁለት ቀለም ሲገባ «መንገ፣ ዱቢ፣ ረዝምም» 3 ምት ይሞላና 4ኛው ባዶ ይቀራል። ይህ ባዶ ምት የተቀባዮች መተንፈሻ ነውና አትንኩት። መልሱ 5ኛውን፣ 6ኛውንና 7ኛውን ይዞ 8ኛውን ለአውጪው ትንፋሽ ይተዋል። አውጪው «ምም»ን ስቦ 4ኛውን ምት ከሞላው ግማሹ ሰው በ5ኛው ይገባል፤ ግማሹ ገና አልጨረሰም ብሎ ይጠብቃል። መሳብ ካማራችሁ መሃል ላይ ሳቡ፤ ጫፉ ቁርጥ ይበል። የመልሱ መጨረሻ ግን እንደ «ኛ» አፍ የሚያስከፍት ቢሆን ድምፁ ጎልቶ ይወጣል።

ለልምምድ በደቂቃ 90 ምት ይበቃል፤ አንድ ዙር 5 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ጭብጨባውን በ4ኛውና በ8ኛው ላይ አድርጉት። ቡድን የሚፈጥነው ባዶውን ምት እየበላ ነው፤ እዚያ ላይ ጭብጨባ ካለ የሚበላ ነገር አያገኝም። መጎተት ሲመጣ ደግሞ ርቀቱን እዩ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 34 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ከበሮውን የሚሰማው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ነው። ከበሮውን መሃል አቁሙ፤ ሰዉም ይጠጋጋ።

ከፍታውን በአውጪው ጉሮሮ አትለኩ። መጀመሪያ የመልሱን ከፍተኛ ድምፅ ሁሉም ሰው ይሞክረው፤ አንገት የሚያስገትር ከሆነ ሁሉንም ዝቅ አድርጉ። መልሱ ከአምስት ድምፅ ስፋት ባይወጣ ይመረጣል፤ አውጪው እንደልቡ ይውጣ ይውረድ። ያም ሆኖ የአውጪው የመጨረሻ ድምፅና የመልሱ የመጀመሪያ ድምፅ አንድ ቢሆኑ ማንም መነሻ ፍለጋ አይዋትትም።

መልሱን የሚሰጠው መሣሪያ ሲሆንም ስሌቱ ያው ነው። ብሉዝ በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ አንድ ዙር ብዙ ጊዜ 12 ባር (እኩል የምት ምድብ) ነው፤ በዚህ ዙር እያንዳንዱ ስንኝ 4 ባር አለው፤ ድምፃዊው በግምት ሁለቱን ይይዛል፣ ጊታሩ ወይም ሃርሞኒካው በቀሪው ይመልሳል። ጊታሪስቱ ቃሉ ሳያልቅ ከገባ ግጥሙ ይዋጣል።

ግጥም መለዋወጥ የአውጪው ድርሻ ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያዎቹን አራት ቀለሞች ብቻ ይቀያይር፣ የመዝጊያው ዜማ እንዳለ ይቆይ። ቡድኑ ያለ ከበሮ 10 ዙር ሳይፈጥንና ሳይጎትት ከዘለቀ በኋላ አውጪው ከ7ኛው ምት ላይ ተነስቶ በመልሱ ጭራ ላይ ሊደርብ ይችላል። ከዚያ በፊት ከደረበ ተቀባዮች መልሳቸውን ሳይጨርሱ ዝም ይላሉ።