በጅማ በቋንቋና በባህል ከሚለይ ጎረቤት ጋር እንዴት መወዳጀት ይቻላል

ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከጥንትም ከብዙ አገር የመጣ ሰው የሚገናኝባት ከተማ ናት። ዳግማዊ አባ ጅፋር በገዙበት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932) የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎችን ይሰበስብ ነበር። ዛሬም ከኦሮሞው ጋር አማራው፣ ጉራጌው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ከፋውና ከምባታው በአንድ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል፤ ዩኒቨርሲቲውም በየዓመቱ ከየአቅጣጫው አዳዲስ ሰዎችን ወደ ሰፈሮቹ ያመጣል። በእንዲህ ያለ ከተማ ጎረቤት ማግኘት አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው በሰላምታ ብቻ የሚያውቁትን ጎረቤት ወዳጅ ማድረግ ነው።

የሚከተለው መንገድ የተጻፈው በአማርኛ አፉን ፈትቶ ጅማ ውስጥ አዲስ ሰፈር ለገባ ሰው ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር መባል አለበት። ብዙ ሰው ከማያውቀው ጎረቤት ጋር ለመቀራረብ ሲያስብ በቅድሚያ የሚመጣለት ሐሳብ «ምን ይዤላቸው ልሂድ?» የሚለው ነው። እኔ በዚህች ከተማ በኖርኩባቸው ዓመታት ያስተዋልኩት ግን ሌላ ነው፤ ሰጪ ሆኖ የመጣ ሰው ይመሰገናል፣ ይከበራል፣ ነገር ግን በእንግድነቱ ይቀራል፤ ጠያቂ ሆኖ የመጣው ነው ቶሎ የቤት ሰው የሚሆነው።

1. በየደጁ ዞረው ይተዋወቁ፤ መጠሪያቸውንም ይጠይቁ

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሰው ከሥራ ተመልሶ ባረፈበት ሰዓት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፣ በግራ በቀኝና ከፊት ለፊት ያሉትን ቤቶች ይጎብኙ። መግባት አያስፈልግም፤ ደጅ ላይ ቆሞ «አዲስ የገባነው እኛ ነን» ማለት ይበቃል። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ዋና ጥያቄ ስም ብቻ ሳይሆን «ማን ብዬ ልጥራዎት?» የሚለው ነው። አንዱ «ጋሼ» መባልን ሲወድ ሌላው መካ ደርሶ የተመለሰ በመሆኑ «ሐጂ» ተብሎ መጠራትን ይጠብቃል፤ በአፋን ኦሮሞ ለወንዱ «ኦቦ»፣ ለሴቷ «አዴ» የሚለው የአክብሮት መጠሪያ የተለመደ ነው፤ ብዙ እናቶችም በራሳቸው ስም ሳይሆን በበኩር ልጃቸው ስም «የእገሌ እናት» ተብለው ይታወቃሉ። አንድ ጊዜ የተሳሳተ መጠሪያ ከለመደብዎ ለማረም ያስቸግራል።

ብሔራቸውን ግን አይጠይቁ። በጊዜው ራሳቸው ያነሡታል፤ ባያነሡትም የሚጎድል ነገር የለም።

2. ሰላምታውን በጎረቤትዎ ቋንቋ ይማሩ

በጅማ አብዛኛው የኦሮሞ ጎረቤት አማርኛ ስለሚችል፣ አማርኛ ተናጋሪው ለዓመታት አንድ ቃል ሳይማር ሊኖር ይችላል። ይህ ይቻላል እንጂ አያምርም። በማለዳ «አካም ቡልተን?» ማለት «እንዴት አደራችሁ?» ወይም «እንዴት አደሩ?» ማለት ነው፤ መልሱ «ነጋ» ነው። ለምስጋና «ገለቶማ»፣ ለስንብት «ነጋቲ» ይባላል። ለጀማሪ የምመክረው በብዙ ቁጥር የሚነገረውን መልክ አስቀድሞ መያዝን ነው፤ ምክንያቱም በአፋን ኦሮሞ «ኢሲን» እናንተም እርስዎም በመሆኑ፣ «ቡልተን» የሚል ሰው አዛውንትንም፣ ብዙ ሰውንም፣ ወጣትንም ሳያስቀይም ሰላም ማለት ይችላል። ነጠላውን «ቡልቴ» አስቀድሞ የለመደ ግን አንድ ቀን ሽማግሌ ፊት ያፍራል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ትዕግሥትም አለ። አፋን ኦሮሞ ሁለተኛውን መደብ በጾታ አይለይም፤ «አቲ» አንተም አንቺም ነው። ስለዚህ አማርኛን ካደጉ በኋላ የተማሩ ጎረቤት ሴቷን «አንተ» ቢሏት፣ ወይም ታላቅ ሰውን በነጠላ ቢጠሩ፣ ንቀት አይደለም። እንዲሁም «እስቲ ካላስቸገርኩህ ታቀብለኝ?» እያልን የምናለሳልሰውን ልመና ሌላው ሰው በሁለተኛ ቋንቋው «አምጣ» ብሎ በአጭሩ ሊጨርሰው ይችላል። ቃሉን ትተው ፊቱን ይመልከቱ። ከማያውቁት ቋንቋ ተናጋሪ ጋር ሲሆኑ እርስዎም ልክ እንዲሁ ደረቅ ሆነው እንደሚሰሙ አይርሱ፤ የእኔን «ቡነ ዹጋ» (ቡና ጠጡ) ጎረቤቶቼ ለረጅም ጊዜ ሲስቁበት ኖረዋል፤ «ዸ» የሚለውን ድምፅ እንደ ተራ «ደ» እጠራው ነበርና። ያ ሳቅ ግን ከማንኛውም ስጦታ ይልቅ ደጃቸውን ከፍቶልኛል።

3. አንድ ነገር ይዋሱ

ወንፊት፣ መዶሻ፣ መሰላል፣ ወይም ቡና መውቀጫ ይጠይቁ፤ ቤትዎ ቢኖርም እንኳ ክፋት የለውም። የሚዋሱት ዕቃ ትንሽ፣ በዚያው ቀን የሚመለስ ይሁን። ሲመልሱ ደግሞ ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ ከግቢዎ የተለቀመ ሁለት አቮካዶ ወይም ጥቂት ጎመን ይበቃል። ያበደረ ጎረቤት በሚቀጥለው ጊዜ ለመዋስ አያፍርም፤ ሳህኑም እየተመላለሰ ባዶውን ሳይሄድ ይከርማል። ከዕቃ ይልቅ እውቀት መጠየቅ ደግሞ የበለጠ ይሠራል። ዝናቡ ብዙ በሆነበት አገር ልብስና እህል ከሻጋታ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ጥሩ ቡና ከየትኛው ነጋዴ እንደሚገዛ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ በስንት እንደሚሸጥ የቆየ ጎረቤት ያውቃል፤ ሲጠየቅም ደስ ይለዋል።

4. ቡና ያፍሉና ይጥሩ፤ ቢጠሩም ይሂዱ

የመጀመሪያው ግብዣ ምግብ ሳይሆን ቡና ይሁን። ቡና የሁሉም ነው፤ ሃይማኖትም አያግደውም። ቁርሱን ፈንዲሻ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ያድርጉት። ስኳርና ጨው ሁለቱንም ያቅርቡ፤ ቡናን በጨው የለመደ ሰው በስኳር አይጥመውም። ዕጣን ከማጨስዎ በፊት ይጠይቁ፤ አንዳንድ ወንጌላውያን አማኞች አይወዱትም።

ሲጠሩ ደግሞ አቦልን ብቻ ጠጥተው አይነሡ። ጊዜ ከሌለዎ ሲገቡ ይናገሩ እንጂ፣ በቶና መካከል ብድግ ማለት ቅር ያሰኛል። በሙስሊም ቤት በመጨረሻ አዛውንቱ ዱዓ ሲያደርጉ እጅን ዘርግቶ ወይም ዝም ብሎ መቆየትና «አሚን» ማለት የሚገባ ነው፤ ክርስቲያን ከሆኑም ለሰላምና ለጤና በሚደረግ ምርቃት «አሜን» ማለት እምነትዎን አይነካም። ይህን እንደ ምክር እንጂ እንደ ሕግ አላቀርበውም፤ የማይመቸው ሰው ጸጥ ብሎ መቀመጥ ይችላል።

5. ምግብ ላይ ሲደርሱ ቀስ ይበሉ

ብዙ ወዳጅነት የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን ሥጋ አይበላም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የሚዘነጋው ዕቃው ነው። ለአንዳንድ ሰው የሥጋ ወጥ የተሠራበት ድስትና ጭልፋ ራሱ ያሳስበዋል። እኔ በመጀመሪያው የፋሲካ በዓል ለሙስሊም ጎረቤቴ ሥጋ እንደማይሆን ስለማውቅ አይብና ጎመን አዘጋጅቼ ላክሁ። ተቀበሉኝ፣ አመሰገኑኝ፤ እንዳልበሉት ግን በኋላ ነው የገባኝ። በዚያ ቀን ከእኔ ቤት በሚወጣ ሳህን ላይ ሥጋ ያልነካው ነገር መኖሩን በምን ያውቁ? ከዚያ ወዲህ በበዓል ቀን የምልከው ያልተላጠ ፍራፍሬ፣ ከዳቦ ቤት የተገዛ ዳቦ ወይም ጥሬ ቡና ነው፤ ይህም ወጉን አላጎደለም።

ትልቅ ድግስ ከሆነ ደግሞ የቆየው ልማድ ይሻላል፦ ለሌላው እምነት እንግዶች በግ ወይም ፍየል ከነነፍሱ አስቀድሞ ይሰጣቸዋል፤ ራሳቸው ያርዳሉ፣ በራሳቸው ድስት ይሠራሉ፣ በተለየ ማዕድ ይቀርባል። መጠጡም እንዲሁ ነው፤ ለሙስሊሙና ለብዙ ወንጌላውያን አማኞች ጠላና ጠጅ ስለማይሆን ለስላሳ ወይም ብርዝ ይዘጋጃል።

የጾሙን ቀን መቁጠሪያም ይወቁ። ኦርቶዶክሳዊው ረቡዕና ዓርብን እንዲሁም የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም ከሥጋና ከወተት ይታቀባል፤ ወንጌላዊው ጎረቤት በዚህ መልክ አይጾምም፤ የሙስሊሙ ረመዳን ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገብተው ነበር፤ በእንዲህ ያለ ወቅት የምስር ሳንቡሳ ለሁለቱም ቤት የሚሆን ምግብ ነው። ለማፍጠሪያ የሚላክ ነገር ከመግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው ሶላት) በፊት መድረስ አለበት፤ ከአዛን በኋላ የሚደርስ ሳህን ማዕዱን ያቋርጣል።

«በሞቴ» እያሉ ማጉረስ በእኛ ዘንድ የፍቅር ምልክት ነው። ነገር ግን ጎረቤትዎ በእምነቱ ምክንያት «አይሆንልኝም» ካለ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ መደጋገሙ ምክንያቱን በሰው ፊት እንዲናገር ያስገድደዋል።

6. እድር ይግቡ፤ ልቅሶ አይቅሩ

ከሃይማኖት ማኅበራት ጋር የተያያዙ እድሮች አሉ፤ አዲስ ለገባ ሰው ግን የሰፈሩ እድር ይሻለዋል፣ ሁሉንም በአንድ ድንኳን ሥር የሚያስቀምጠው እሱ ነውና። ወርኃዊ መዋጮውን በጊዜው ይክፈሉ፤ ነገር ግን ገንዘቡ ከመገኘት አይበልጥም። ሙስሊም ጎረቤት ሲያርፍ ቀብሩ በዚያው ቀን በፍጥነት ስለሚፈጸም «ነገ እደርሳለሁ» ማለት አይቻልም። ልቅሶ ቤት ሲደርሱም ተቀምጠው ብቻ አይዋሉ፤ «ምን ላግዝ?» ብለው ይጠይቁ። ውሃ መቅዳት፣ ወንበር መደርደር፣ ቡና መቁላት የእምነት ልዩነት የለበትም።

ቃል መምረጥ ያስፈልጋል። «አላህ ያጽናችሁ»፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት በየቤቱ ይለያያል፤ ግራ ከገባዎ «ፈጣሪ ያጽናችሁ» ለሁሉም ይሆናል። «ተዝካሩ መቼ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለሙስሊምም ለወንጌላዊም ቤት አያቅርቡ። ለወላድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለት ለብዙዎቻችን ከአፋችን ሳናስበው የሚወጣ ቃል ነው፤ እኔም ለአንዲት ወንጌላዊት አራስ ተናግሬው ቤቱ ለአፍታ ጸጥ ብሏል። «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ቢባል ማንም አይከፋውም። ገንፎው ግን አይለይም፤ በአፋን ኦሮሞ «መርቃ» ይሉታል፣ ቅቤውም ያው ነው።

7. በጨዋታ መካከል ቋንቋ ሲቀየር

አማርኛ ተናጋሪዎች ሲበዙ አንዱ የማይሰማው ጎረቤት ዝም ብሎ ስኒ ሲያዞር ይታያል። ይህን ሲያዩ ወሬውን ቆም አድርገው በአጭሩ ይንገሩት፤ ወይም የሚያስተረጉም ሰው ከአጠገቡ ያስቀምጡ። በተቃራኒው ሌሎች በራሳቸው ቋንቋ ሲሳሳቁ «እኔን እያሙኝ ይሆን?» ብሎ መጠርጠር የብዙ ቅሬታ መነሻ ነው፤ «ምን አላችሁ? እኔም ልሳቅ» ብሎ መጠየቅ ይቀላል። ልጆችን በአስተርጓሚነት መጠቀም ለቀላል ጉዳይ ጥሩ ነው፤ ለገንዘብ፣ ለሕመምና ለጠብ ግን አይሆንም።

8. ቅሬታ ሲመጣ

የጋራ የውሃ መስመር፣ የመብራት ሒሳብ፣ የዶሮና የሙዚቃ ነገር ይዋል ይደር እንጂ ማጨቃጨቁ አይቀርም። በአጥር ላይ ሆነው በጩኸት አይነጋገሩ፤ በሁለተኛ ቋንቋ የተነገረ ቁጣ ከታሰበው በላይ ይመርራል። አንድ ቀን አሳድረው፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅና ሁለቱም ወገን የሚያከብረው ሰው ይዘው ይሂዱ። ሽምግልናን በኦሮሞው ዘንድ «ጃርሱማ» ይሉታል፤ ሥርዓቱ ለሁለታችንም እንግዳ አይደለም። ጥፋቱ የእርስዎ ከሆነ ሽማግሌው ሳይፈርድ ይቅርታ ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል ለሚል፣ ለአንዱ ቤት ሁለት ወር፣ ለሌላው ሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል። የሚታወቅበት ምልክት ግን አንድ ነው፦ አንድ ጠዋት የጎረቤትዎ ልጅ በጓሮ በር ሳያንኳኳ ይገባና፣ ባዶ ስኒ ዘርግቶ፣ በየትኛውም ቋንቋ «እማዬ ጨው አልቆብናል አለች» ይላል።