ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የተሠራ የልብ ቫልቭ ከተተካ በኋላ ሊደረግ የሚገባ ክትትል

ከከብት ወይም ከአሳማ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው የልብ ቫልቭ ብዙዎችን ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ከመዋጥ ስለሚያሳርፍ፣ ወደፊት መውለድ ለሚያስቡ ሴቶች ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ይሁን እንጂ ያረጃል። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል፤ በወጣቶች ላይ ግን ካልሲየም ቶሎ ስለሚጋገርበት ቀድሞ ሊጠብ ወይም ሊያፈስ ይችላል። በጎጃምም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ቫልቭን በዋናነት የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም (በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣ) ወጣቶችን የሚያጠቃ በመሆኑ፣ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊታሰብበት ይገባል።

ከሁሉ በላይ ትኩሳትን አያቃሉ። በቆላማ ወረዳዎቻችን ብርድ ብርድ ያለው ሰው ወባ ነው ብሎ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጡ የተለመደ ነው፤ ቫልቭ የተተካለት ሰው ግን የወባ ምርመራውን ቢያደርግም፣ ቫልቭ እንዳለው ለባለሙያው ሳይናገር መውጣት የለበትም። ምክንያቱም ቫልቩ ላይ የሰፈረ ጀርም የሚለየው በደም ካልቸር (ከደም ናሙና ጀርም አብቅሎ በሚለይ ምርመራ) ሲሆን፣ አስቀድሞ የተዋጠ አሞክሲሲሊን ጀርሙን ሳያጠፋው ከምርመራው ሊሰውረው ይችላል። ካልቸር በማይሠራበት ጤና ጣቢያ ካሉ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ያጽፉ።

ጥርስ ከማስነቀልዎ በፊት መከላከያ አንቲባዮቲክ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ፤ ድድ መነቀስ፣ እንጥል ማስቆረጥና ዋግምት ፈጽሞ ይቅሩ። ሕመሙ የሩማቲክ ከነበረ፣ ቫልቩ ስለተቀየረ ብቻ የፔኒሲሊን መርፌው አይቋረጥም፤ ጸበል የሚጠመቁም መድኃኒታቸውን ይዘው ይሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ዋርፋሪን ከታዘዘልዎ፣ በጾም ወቅት ጎመን በድንገት ማብዛት የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ መጠኑን ተቀራራቢ ያድርጉ።

በየዓመቱ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሡ፤ ማርገዝ የምታስብ ሴትም አስቀድማ ትነሣ። በቤትዎ ደግሞ ማታ ማታ የቅልጥምዎን ፊት በአውራ ጣት ጫን አድርገው ይልቀቁ፤ ስርጉዱ ቶሎ ካልሞላ፣ ወይም ለመተኛት ትራስ መደራረብ ከጀመሩ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ድጋሚው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ልብ ከደረት አጥንት ጀርባ ጋር በጠባሳ ተጣብቆ ሊገኝ ይችላልና። ቢሆንም ልብ ሳይደክም፣ በቀጠሮ ሲሠራ፣ በድንገት ከሚደረገው እጅግ የተሻለ ውጤት አለው። ለአንዳንዶች በደም ሥር በኩል አዲስ ቫልቭ በአሮጌው ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ይህም የሚወሰነው በአሮጌው ቫልቭ ዓይነትና መጠን ስለሆነ፣ ሁለቱ የተጻፉበትን ካርድ በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡ፣ ፎቶውንም በቤተሰብ ስልክ ላይ ያኑሩ።