ትንሽ ግድብ ናት ብለው አይለፏት

ግድብ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ትልልቆቹን ነው። ለከተማ የመጠጥ ውኃ የምታቀርበው ትንሿ ግድብ ትዝ የምትለን ቧንቧው ሲደርቅ ብቻ ነው። ስለ ደኅንነቷ ሲነሳም የሚሠሩት ስህተቶች ተመሳሳይ ናቸው።

የመጀመሪያው የአደጋ ደረጃን እንደ ጤና ምርመራ ውጤት ማንበብ ነው። "ከፍተኛ አደጋ" የተባለ ግድብ ሊፈርስ ነው ማለት አይደለም። ደረጃው የሚጠይቀው፣ ግድቡ ቢደረመስ ማንን ይወስዳል የሚለውን ነው። በአሜሪካ አሠራር ደረጃዎቹ 3 ናቸው። የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል ተብሎ ከተገመተ ከፍተኛ፣ ሕይወት ባይጠፋም ንብረትና መሠረተ ልማት የሚጎዳ ከሆነ መካከለኛ፣ ጉዳቱ ከባለቤቱ ይዞታ ብዙም የማያልፍ ከሆነ ዝቅተኛ ይባላል። ስለዚህ ትናንት የተመረቀ፣ እንከን የማይወጣለት ግድብ "ከፍተኛ" ሊሆን ይችላል። የተሰነጣጠቀውም "ዝቅተኛ"። የግድቡ አቋም የሚታወቀው ለብቻው በሚደረግ ፍተሻ ነው።

በቁመት መፍረድም አለ። ዓለም አቀፉ የትልልቅ ግድቦች ኮሚሽን "ትልቅ" የሚለው ቁመቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ወይም ከ5 እስከ 15 ሜትር ሆኖ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሚይዘውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ የተደረመሰው ኬሊ ባርንስ ግድብ 12 ሜትር ገደማ ነበር፤ በያዘው ውኃ መጠንም "ትልቅ" አይባልም። ግን ከሥሩ ኮሌጅ ነበር፣ ሰዓቱም ሌሊት። 39 ሰው ሞተ።

ደረጃውን አንዴ ሰጥቶ መርሳት ደግሞ ለእኔ ከሁሉም የከፋው ነው። ግድቡ ባለበት ነው፤ ከበታቹ ግን ቤት ይሠራል፣ መንገድ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሐዋይ ውስጥ ተደርምሶ 7 ሰው የገደለው የካ ሎኮ ግድብ መዝገብ ላይ "ዝቅተኛ አደጋ" ተብሎ ነበር የተቀመጠው።

ግድቡ ቢደረመስ የሚጎዳውን ሲቆጥሩም ግድፈት አለ። የማጣሪያ ጣቢያውና የጥበቃ ቤቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ግድቡ ሥር ናቸው፤ እነሱን ግን የሚያስብ የለም። ውኃው ራሱም ይረሳል። ከተማዋ ሌላ ምንጭ ከሌላት ግድቡ ሲሄድ ሆስፒታሉም እሳት አደጋውም ባዶ ቧንቧ ይዘው ይቀራሉ። ሰው ባይሞት እንኳ ይህን "ዝቅተኛ" ማለት አያስኬድም።

ጎርፍን ብቻ መፍራትም ያሳስታል። በጠራራ ፀሐይ፣ በግድቡ ውስጥ በሚያልፈው ቱቦ ዙሪያ ውኃ አፈሩን እየሸረሸረ ግድብ ሊፈርስ ይችላል። ዝናብ ስለሌለ ከታች ያለው ሰው አይጠረጥርም፤ ስለዚህ ይህም ለብቻው ሊሰላ ይገባል። ከግርጌው ሰርጎ የሚወጣው ውኃ ጥርት ያለ ከሆነ እየለኩ መከታተል ነው። ከደፈረሰ ግን አፈር ይዞ እየወጣ ነው፤ ነገ የሚባል ነገር የለም።

ለበጋ ተጨማሪ ውኃ ለማቆር ብሎ የጎርፍ ማስተንፈሻው ላይ ጣውላ ወይም የአሸዋ ከረጢት መደርደር የተለመደ ፈተና ነው። ጎርፉ መውጫ ካጣ በአናቱ ይሻገራል፤ የአፈር ግድብ ደግሞ ይህን አይችልም፣ ይታጠባል። ግድቡ ላይ ዛፍ ማሳደግና የማፍሰሻውን ቫልቭ ለዓመታት ሳይነኩ መተውም ያው ናቸው።

የድንገተኛ ጊዜ ዕቅድ አለን ካሉ ደግሞ አውጥተው የመጀመሪያውን ስልክ ቁጥር ይደውሉ። ከ5 ዓመት በፊት ጡረታ የወጣ ሰው ቢያነሳው አይግረምዎ።