ሎጎውን ታፔላ ላይ ሰቅላችሁ አሳዩ፦ በነጻ ሞካፕ የትንሽ ንግድን ብራንድ እንዴት እናቅርብ?

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ ውስጥ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጁ ለሚሸጡ አንዲት እናት ሎጎ ሰራሁ። ሶስት አማራጭ ነጭ ወረቀት ላይ አሳትሜ፣ ከደሴ ሐረጎን ወርጄ ወሰድኩላቸው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «መልካም ነው የኔ ልጅ፤ ግን ይሄ ምን ላይ ነው የሚሆነው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ልክ ነበር። እኔ ሎጎውን ሳየው ከረጢቱም ታፔላውም ይታየኛል። እሳቸው የሚያዩት ግን ወረቀት መሃል የተቀመጠ ምልክት ብቻ ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ ሶስቱንም አማራጮች በካኪ ወረቀት ከረጢት ምስል ላይ አስገባኋቸው። በማግስቱ በቴሌግራም ላክሁ፤ ልጃቸው ስልኩን ይዛ አሳየቻቸው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። «ሁለተኛዋ! ይቺ የኔ ናት» አሉ።

ሞካፕ ማለት ይኸው ነው። ገና ያልታተመ ዲዛይን ቢታተም፣ ቢሰፋ፣ ቢሰቀል ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ናሙና ምስል። ደሴ ላይም ሆነ ኮምቦልቻ ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ለዲዛይን ገንዘብ የሚያወጣው ከልጆቹ ጉሮሮ ቀንሶ ነው። የሚከፍልበትን ነገር አስቀድሞ በዓይኑ የማየት መብት አለው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው መሳሪያ ደግሞ በነጻ ይገኛል።

መጀመሪያ ሱቁን እዩ

ኢንተርኔት ከመክፈታችሁ በፊት ወደ ደንበኛው ሱቅ ሂዱና ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ገዢው ይዞት የሚወጣው ምንድን ነው? ከረጢት ነው? ዕቃው በወረቀት ይጠቀለላል? ባለቤቱ ደረሰኝ ላይ ማህተም ይመታል? ዕቃ የሚያደርስለት ባጃጅ አለ? ያያችሁትን ጻፉት። የምታወርዱት ሞካፕ ከዚህ ዝርዝር ይውጣ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ነጻ ሞካፖች አብዛኞቹ የተሰሩት ለሌላ አገር ገበያ ስለሆነ ነው። የቡና ሞካፕ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ ክዳን ያለው ረጅም የካርቶን ኩባያ ነው። ፒያሳ ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ግን ቡናዋን በሲኒ ነው የምታቀርበው። ሎጎዋን ካርቶን ኩባያው ላይ ብታሳዩአት «ያምራል» ትላችኋለች፤ የኔ ነው ግን አትልም። ለእሷ ሽርጥ፣ ትንሽ ነጭ ሲኒ፣ የተቆላ ቡና ከረጢትና የበር ታፔላ ፈልጉ። ልብስ ለሚሸጥ የአንገት ምልክትና ከረጢት ይበቃል። ለዳቦ ቤት የወረቀት ከረጢት፣ ለብረታ ብረት ሰራተኛ ደግሞ ቱታና የመኪና በር።

ስለ ከረጢት ካነሳን አይቀር፣ የፕላስቲክ ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ከጸደቀ ወዲህ የወረቀትና የጨርቅ ከረጢት ነገር ብዙ ነጋዴን ያሳስባል። ስለዚህ ከረጢቱን ስታሳዩ ደንበኛው ወሬውን ራሱ ይጀምርላችኋል።

ፋይሉን ማግኘትና ፈቃዱን ማንበብ

ፍሪፒክ፣ ሞካፕ ወርልድ፣ ግራፊክበርገርና አንብላስት ነጻ ሞካፕ ከሚገኝባቸው ድረ ገጾች መካከል ናቸው። ስትፈልጉ የዕቃውን ስም በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ «ፍሪ ሞካፕ ፒኤስዲ» የሚሉትን ቃላት በላቲን ፊደል ጨምሩበት። ፒኤስዲ ፎቶሾፕ የሚባለው የምስል ማቀናበሪያ ፕሮግራም የፋይል ዓይነት ነው፤ ለኛ ስራ የሚመቸው እሱ ነው።

«ነጻ» የሚለው ቃል ግን ሁልጊዜ አንድ ትርጉም የለውም። አንዳንዱ ለግል መለማመጃ ብቻ ይፈቅዳል። አንዳንዱ ለንግድ ስራም ይፈቅዳል። ፍሪፒክን ሳይከፍሉ የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ የምስሉን ምንጭ መጥቀስ አለባቸው። ለደንበኛ ገንዘብ ተቀብላችሁ የምትሰሩ ከሆነ ለንግድ የተፈቀደውን ምረጡ። ፋይሉን ራሱን ለሌላ ሰው ማደል ወይም መሸጥም በአብዛኛው የተከለከለ ነው፤ የምትሰጡት ያለቀውን ምስል ነው። ከፋይሉ ጋር የሚመጣውን አጭር የጽሁፍ ፋይል አትሰርዙት። ፈቃዱ የተጻፈው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

አንድ ፒኤስዲ 100 ሜጋባይት ሊያልፍ ስለሚችል በሞባይል ፓኬጅ አስር ፋይል አውርዶ አንዱን መጠቀም ኪስ ይጎዳል። መጀመሪያ ምስሉን በደንብ እዩ፣ ወስኑ፣ ከዚያ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆናችሁ አውርዱ።

ፎቶሾፕ የለኝም የሚል አይቅር

ፎቶፒያ የሚባል ነጻ መሳሪያ አለ። እንደ ጎግል ክሮም ባለ የኢንተርኔት ማሰሻ ላይ ነው የሚከፈተው፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ የምትጭኑት ነገር የለም። የፒኤስዲ ፋይል ይከፍታል፣ የሞካፑን ዋና ሚስጥር ስማርት ኦብጀክትንም ያውቃል፤ ይህ የራሳችሁን ዲዛይን የምታስገቡበት ልዩ ክፍል ነው። ማስታወቂያ ያሳያል፤ ነጻ የሆነው በዚያ ነው። ፋይላችሁ ወደ ሌላ ቦታ አይላክም፤ ስራው የሚካሄደው በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ ገጹ አንዴ ከተከፈተ ብዙ ዳታ አይበላም። ስልክ ብቻ ያላችሁ ካንቫ ውስጥ ያሉትን ሞካፖች ሞክሩ፤ ምርጫው ጠባብ ነው፣ ግን ለመጀመሪያ ያገለግላል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ሎጎውን አስቀድማችሁ ከጀርባው ነጭ የሌለው ፒኤንጂ ወይም ኤስቪጂ በሚባል የምስል ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡ። ፒኤንጂ ከሆነ ወርዱ 3000 ፒክስል ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ሞካፑን ከፎልደሩ ጎትታችሁ ፎቶፒያ ላይ ጣሉት።

በስተቀኝ የሌየሮች፣ ማለትም ምስሉን የሚሰሩት ተደራራቢ ንብርብሮች ዝርዝር ይመጣል። «ዲዛይንህን እዚህ አድርግ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ስም የተሰጠውን ሌየር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ በቀይ ወይም በሌላ ደማቅ ቀለም ተለይቶ ይቀመጣል። ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሿን ምስል ሁለቴ ተጫኑ። ስሙን ከተጫናችሁ ስም መቀየሪያ ነው የሚከፈተው።

አሁን አዲስ ገጽ ይከፈታል፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ጥላም እጥፋትም የለውም። እዚያ ያለውን የናሙና ጽሁፍ የዓይን ምልክቷን ተጭናችሁ ደብቁት። ሎጎውን ጎትታችሁ አስገቡ፣ መጠኑን አስተካክሉ፣ ለማስቀመጥ ኮንትሮል ኤስ ተጫኑ። ወደ መጀመሪያው ገጽ ስትመለሱ ሎጎው ከረጢቱ ላይ ታትሞ፣ በእጥፋቱ ታጥፎ፣ ጥላው አርፎበት ታገኙታላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ደስ ብሎኝ ስድስት ሰባቴ ደጋግሜ ነው የሰራሁት።

ቢዝነስ ካርድ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የአሜሪካው መጠን ወደ 8.9 በ5.1 ሴንቲሜትር ነው፤ የአውሮፓው 8.5 በ5.5። ካርዳችሁ በአንዱ፣ ሞካፑ በሌላው ከሆነ ዳሩ ይቆረጣል ወይም ፊደሉ ይለጠጣል። የተለጠጠ ፊደል ደግሞ ስራውን በሙሉ የጀማሪ ያስመስለዋል።

የኛ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው

ሞካፖቹ ሲሰሩ የታሰበው ለላቲን ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ሁሉም መስመሩን ሞልቶ ይቆማል። እንደ ጨ፣ ጭ፣ ቋ፣ ሥ ያሉት እግርና ቀለበት የበዛባቸው ፊደላት ትንሽ ሆነው ሲታተሙ ውስጣቸው ይደፈናል። በተለይ ወረቀት ላይ ተጭኖ የሰረጎደ ወይም የጎላ ጽሁፍ የሚያሳይ ሞካፕ ላይ ይህ ጎልቶ ይወጣል። ስሙን ሰፋ አድርጉ፣ በፊደላት መሃል ትንሽ አየር ስጡ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነጻ የሚወርዱ፣ ከስስ እስከ ደማቅ ብዙ ውፍረት ያላቸው ፎንቶች ናቸው። ፎንቱን እንደ ምስሉ ሁሉ ፎቶፒያ ላይ ጎትታችሁ ብትጥሉት ይጫናል።

ምስሉን በስልካችሁ ላይ አውራ ጣታችሁን እስኪያህል አሳንሱት። ስሙ አሁንም ይነበባል? ካልተነበበ ታፔላው ከአስፋልቱ ማዶ አይነበብም።

ከሁሉ የሚበልጠው፦ የራሱ ሱቅ ፎቶ

የወረዱት ሞካፖች ከረጢትና ካርድ ላይ ጥሩ ናቸው። ታፔላ ላይ ግን እኔ አሁን የማወርደው ነገር የለም። የደንበኛውን ሱቅ ራሴ ፎቶ አነሳለሁ። ሰው የራሱን በር፣ የራሱን ደረጃ፣ ጎረቤቱን ፋርማሲ ፎቶው ውስጥ ሲያይ ስለ ዲዛይኑ የሚሰጠው አስተያየት ሌላ ይሆናል። «ከጎረቤቴ ታፔላ ጋር ቀለሙ አይመሳሰልም?» ይላችኋል። በቢሮ ውስጥ ማንም የማይነግራችሁ ነገር ነው።

የደሴ ደመና እዚህ ላይ ይረዳል። ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ኃይለኛ ጥላ አይጥልም። ኮምቦልቻ ግን ፀሐዩ ጠንካራ ስለሆነ ጠዋት ወይም ወደ ማታ አንሱ፤ እኩለ ቀን ላይ የቆርቆሮው ጥላ ታፔላውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ ፊት ለፊት አንሱ። ዙም አታድርጉ። አላፊ አግዳሚው ፊቱ በግልጽ እንዳይገባ ጠብቁ።

ፎቶውን ፎቶፒያ ላይ ክፈቱ። አሮጌውን ታፔላ በግድግዳው ወይም በአዲሱ ታፔላ ቀለም ሸፍኑት። አዲሱን ዲዛይን ከፋይል ምናሌው ውስጥ «ኦፕን ኤንድ ፕሌስ» በሚለው አስገቡ። ቀጥሎ ኤዲት፣ ትራንስፎርም፣ ዲስቶርት። አራቱን ማዕዘኖች እየጎተታችሁ ከታፔላው አራት ማዕዘን ጋር ግጠሙ። ሎጎው በቀጥታ ነጣ ያለ ግድግዳ ላይ የሚቀባ ከሆነ ሌየሩ ከስሩ ካለው ምስል ጋር የሚቀላቀልበትን መንገድ (ብሌንድ ሞድ) ወደ መልቲፕላይ ቀይሩት፤ የግድግዳው ሻካራነት በቀለሙ ውስጥ ይታያል። ታፔላው የራሱ ጀርባ ቀለም ካለው ግን ኖርማል ላይ ተዉት፤ መልቲፕላይ ነጩን ያጠፋዋልና።

ዲዛይኑ ከፎቶው ይልቅ ጥርት ብሎ ከታየ የተለጠፈ ይመስላል። ጋውሲያን ብለር በሚባለው ማደብዘዣ ግማሽ ወይም አንድ ፒክስል ስጡት። ከታፔላው ፊት የመብራት ሽቦ ካለፈ ደግሞ አታጥፉት። የሌየሩን ከፊል የሚደብቀውን የሌየር ማስክ ከፍታችሁ በጥቁር ብሩሽ ሽቦው ያለፈበትን ብቻ ጥረጉ፤ ሽቦው ከፊት ሆኖ ይወጣል። አስር ደቂቃ ይወስዳል። ምስሉን እውነተኛ የሚያደርገው ግን እሱ ነው።

ስታቀርቡ

ከሰባት ገጽ አትብለጡ። መጀመሪያ ሎጎው ብቻውን በነጭ ላይ፣ ቀጥሎ በጥቁርና ነጭ ብቻ ይሁን፤ ማህተምና ፎቶኮፒ ቀለም አያውቁም። ከዚያ ታፔላው፣ ከረጢቱ፣ ካርዱ። መጨረሻ ላይ የቴሌግራም ክብ ፕሮፋይል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል አሳዩ። ክቡ የስሙን ጫፍና ጫፍ ይቆርጣል፤ አሁኑኑ ቢታይ ይሻላል።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ አትላኩ፤ ይጨመቅና ይደበዝዛል። እንደ ፋይል ላኩት ወይም ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ አድርጉት። ለእድሜ ባለጸጋ ደንበኛ ግን ባለቀለም ኤ4 አሳትሙና በእጃችሁ ውሰዱ። «ሞካፕ» የሚለውን ቃልም አትጠቀሙ። «አባባ፣ ተሰርቶ ሲያልቅ ይህን ይመስላል» ማለት ይበቃል።

አንድ ነገር በጣም አደራ። በከተማችሁ የማይሰራ ነገር አታሳዩ። የወርቅ ፎይል ካርድ፣ ከውስጥ የሚበራ ፊደል በሞካፕ ላይ ያስጎመጃል። መጀመሪያ ማተሚያ ቤቱን ጠይቁ፦ ይሰራል ወይ? ስንት ነው? ስክሪን ላይ የሚያበራው ቀለም ወረቀትና ባነር ላይ ደብዘዝ ብሎ ይወጣል፤ ትንሽ ቁራጭ አስሞክሩና ከምስሉ ጋር አብራችሁ አሳዩ። ምስሉ ጥግ ላይ «ናሙና» የሚል ቃል ጻፉ። አንድ ደንበኛዬ የላክሁለትን ከረጢት ያለ ምንም ጽሁፍ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። በማግስቱ ሰዎች «የታሸገውን ስጠን» እያሉ መጡ፤ ከረጢቱ ግን ገና አልታተመም ነበር። ገዢዎቹ ቅር ብሏቸው ሲመለሱ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ናሙና» የማይል ምስል ከእጄ አይወጣም።

ዲዛይኑ ጸድቆ ከታተመ በኋላ ደግሞ ተመልሳችሁ ሂዱና እውነተኛውን ዕቃ ፎቶ አንሱ። የስራ ማሳያችሁ ውስጥ የነበረውን ሞካፕ አውጥታችሁ ያንን ፎቶ ተኩት። የሽሮዋ እናት ከረጢት ታትሞ ሲመጣ መደርደሪያቸው ላይ ተደርድሮ አንስቼዋለሁ። አሁን አዲስ ደንበኛ ስራህን አሳየኝ ሲለኝ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው።