አሮጌዋ ዜኒት የፊልም ካሜራ ስታስቸግር መጀመሪያ ኔጋቲቩን እዩ

አጎቴ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ተምሮ ሲመለስ ይዟት የመጣው ዜኒት ኢ አሁን እኔ ጋ ነች። ባትሪ አትበላም፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል አታውቅም፣ ስለዚህ ችግሯ ወይ የመካኒክ ነው ወይ የኛ ጥፋት (ባብዛኛው የኛ ነው 😅)። መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት የታጠበውን ፊልም (ኔጋቲቩን) ወደ መብራት አንሱና እዩት።

ፊልሙ ባዶ ከሆነ፦ ጠርዙ ላይ ቁጥርና ጽሁፍ ይታያል? ከታየ አጣቢውን አትውቀሱት፣ ብዙ ጊዜ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ ጭራሽ ስላልሄደ ነው። ቁጥሩም ከሌለ ግን ጥፋቱ እጥበቱ ላይ ነው። እኔ ሰርግ ላይ 36 ፎቶ አነሳሁ ብዬ ቀጭ ቀጭ ሳደርግ ውዬ አንድም አልወጣልኝም፣ ለካ ጫፉ ከመጠምጠሚያው ሾልኮ ነበር። ጫፉን ስንጥቁ ውስጥ በደንብ አስገቡ፣ ጥርሶቹ ቀዳዳዎቹን ይያዙ፣ ከዘጋችሁ በኋላ በግራ በኩል ያለውን መመለሻ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩና ፊልሙን ወጥሩት። ከዛ ፊልም ማሳለፊያ ማንሻውን በሳባችሁ ቁጥር መመለሻው አብሮ መዞር አለበት፣ ካልዞረ አልያዘም።

ኔጋቲቩ ጥቁር ድፍን ካለ፦ ሄሊዮስ 44-2 ሌንስ ሁለት ቀለበት አለው፣ አንዱ የብርሃን መግቢያውን ቁጥር ይመርጣል (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ሌላው ይከፍታል ይዘጋል። 16 መርጣችሁ ለፎከስ 2 ላይ ከፍታችሁ ሳትዘጉ ከተጫናችሁ 64 እጥፍ ብርሃን ገባ ማለት ነው! ዘግታችሁም ከጠቆረ ብዙ ጊዜ ግንባሯ ላይ ያለው የብርሃን መለኪያ ሞቶ ነው፣ ውስጡ ያለው ብርሃን የሚለካው ሴሌኒየም ሲያረጅ እንደዛ ነው፣ ለጥገናው ብር አታውጡ። ፊልሙ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 200 ከሆነ በጠራ ፀሐይ 16 ላይ በ1/250 ሰከንድ አንሱ፣ ይሰራል።

በፍላሽ ስታነሱ ግማሹ ብቻ ከወጣ፦ ከ1/30 የፈጠነ አድርጋችኋል፣ ፊልሙ ፊት ያለው የሻተሩ የጨርቅ መጋረጃ ሙሉ ሳይከፈት ፍላሹ በርቷል። ያለ ፍላሽ 1/500 ላይ ከሆነ ግን የመጋረጃው ቅባት ደርቆ ነው፣ ዘይት እንዳትረጩ፣ ለባለሙያ ስጡ።

ኔጋቲቩ ላይ ጥቁር ጭረት ወይ ነጠብጣብ ካለ፦ እስከ ጥርስ ቀዳዳው ከሄደ ብርሃኑ በኋላ በሩ ነው የገባው፣ ለጊዜው ጥቁር ፕላስተር ለጥፉበት። ፎቶው ውስጥ ብቻ ሁሌ አንድ ቦታ የሚመጣ ነጠብጣብ ከሆነ የሻተሩ ጨርቅ ተበስቷል። ፊልም በሌለበት የኋላ በሩን ክፈቱ፣ ሌንሱን አውጥታችሁ መስታወቱን በክብሪት እንጨት ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉና ጨለማ ክፍል ውስጥ ከፊት የስልክ ባትሪ አብሩ፣ ከኋላ ሲታይ እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል። ማንሻውን ስባችሁም ድገሙት፣ መጋረጃው ሁለት ነው። ቀዳዳውን በጥቁር የጨርቅ ቀለም በስሱ ድፈኑት፣ ከወፈረ ጨርቁ አይጠቀለልም።